የዛሂራ ወንበር

የመኪና ውስጥ የልጅ ወንበሩን የላከው ለንደን የሚኖረው የዛሂራ አጎት ነው። «እዚህ ሕጉ ግድ ነው፤ ልጅ ያለ ወንበሯ መኪና ውስጥ አትገባም» ብሎ በስልክ ተናግሮ ነበር። ካርቱም ውስጥ ይህን የሚጠይቅ የለም፤ ትራፊክ ፖሊስም ቢያስቆም የሚያየው መንጃ ፈቃድ ነው። ግን ከሦስት ሳምንት በፊት አባትየው ድልድዩ ላይ ድንገት ፍሬን ሲይዝ፣ የሦስት ዓመቷ ዛሂራ ከሞግዚቷ ከይመኙሻል ጭን ተፈትልካ ግንባሯ ከፊተኛው መቀመጫ ጋር ተላተመ። ይመኙሻል አጥብቃ ይዛት ነበር። ክንዶቿ ግን አልቻሉም።

ይመኙሻል ካፉሪ ሰፈር በሚገኘው ቪላ ልጅ ስትይዝ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ከግቢው የምትወጣው በሳምንት አንዴ፣ ጁምዓ፣ ቤተሰቡ አል-ሳሃፋ ወደሚገኘው የአያት ቤት ሲሄድ ነው፤ እሱም ዛሂራን በጭኗ ለመያዝ። እዚያ ሲደርሱ ልጅቷን ለአያቷ ትሰጥና ጥጉ ላይ ወዳለችው የአገሯ ልጅ የዘመናይ ሱቅ ትሮጣለች። ሁለት ሰዓት ሙሉ በአማርኛ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ትጨቃጨቃለች። የቀረው ሳምንት በአረብኛ ነው፤ አረብኛዋም «እሺ» ከማለት ብዙ አያልፍም።

አሁን ወንበሩ ከኋላ ሲገባ፣ የዛሂራ ሁለት ወንድሞች ሲጨመሩበት፣ ለእሷ ቦታ የለም።

ሐሙስ ከሰዓት ለዘመናይ ደወለች።

«ምን ያስጨንቅሻል አንቺ?» አለች ዘመናይ። «ልጅቷ ታልቅስላቸው! ማዳምሽ እንደሆን ለቅሶ አትችል፤ በነጋታው አውርደው ይጥሉታል። ያንቺ ጭን መቼ ጠፋ?»

«ጭኔንማ አየነው።»

«ወይ ጉድ! ቦታሽን ለቀማሽ ወንበር ደግሞ ጠበቃ ሆንሽለት?»

ጁምዓ ጧት አባትየው ወንበሩን አስሮ ወደ ቤት ገባ። ይመኙሻል ነቅነቅ ስታደርገው ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘ። ጎኑ ላይ የተለጠፉትን ሥዕሎች አንድ በአንድ አየች፤ ቀበቶው ማለፍ በሚገባው ቀዳዳ አላለፈም። ፈታችው፤ ወንበሩን በጉልበቷ ተጭና እንደገና አሰረችው። አሁን ንቅንቅ አላለም።

ዛሂራን ስታስቀምጣት ልጅቷ ጮኸች።

«እቀፊኝ! ይሙ፣ እቀፊኝ!»

በዚያ ቤት ከሁለቱ ሌላ ይህን የአማርኛ ቃል የሚያውቅ አልነበረም።

እናትየው፣ ማዳም፣ በሁለት እጇ ጆሮዋን ደፈነች። «ኸላስ፣ በቃ ተይው! ወንበሩን አውርጂውና አንቺ ያዣት። ያላ!»

ይመኙሻል ምናልባት እሄድ ይሆናል ብላ የጁምዓ ጫማዋን አድርጋ ነበር። የልጅቷን ግንባር አየች፤ እብጠቱ ጎድሎ ቢጫ ምልክት ቀርቷል።

«ትለምደዋለች፣ ማዳም» አለች በአረብኛ። ለማዳም «እሺ» ሳትል ስትመልስ የመጀመሪያዋ ነው።

ሻሿን ፈትታ ለልጅቷ ሰጠቻት። ዛሂራ ሻሹን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች፣ ከዚያ ዝም አለች። ይመኙሻል ማሰሪያውን አጥብቃ፣ ጣቷን ከሥሩ አስገብታ ፈትሻ፣ የመኪናውን በር ዘጋች።

ከሄዱ በኋላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ቀትር ሲቃረብ ስልኳ ጮኸ።

«መኪናቸው መጥቷል፤ አንቺ የለሽም» አለች ዘመናይ። «አላለቀሰችም እንዴ?»

«አለቀሰች።»

«እና?»

«ዝም አለች።»

«ሻሽ ይዛ አየኋት። ያንቺ መሰለኝ።»

«የኔ ነው።»

«ቆይ፣ ሰው ገባ፤ መልሼ እደውላለሁ።»

ይመኙሻል ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። ጫማዋን አላወለቀችም።