ምራቴ የማትተውነው መቼ ነው?

ሌዲ ሆኖሪያ እንቅልፍ ያጡት በዘር ጉዳይ አልነበረም። ለዘሩማ የሚለቀሰውን አልቅሰው፣ የሚኮረፈውንም አኩርፈው ጨርሰዋል። አንድ ልጃቸው ሎርድ ላዮኔል የለንደን ተዋናይት አግብቶ ወደ ዌስትክሊቭ ይዟት ሲመጣ አገሩ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ፤ ሁለት ጎረቤቶችም ሰላምታ ነፈጉ። ከዚያ ሰው ለመደ። በዚያ ዘመን ተዋናይት ያላገባ ባላባት የቀረ አይመስልም ነበርና ሐሜቱ ቶሎ ወደ ሌላ ቤት ተሻገረ።

የእሳቸው ጥያቄ ሌላ ነው። ይህቺ ቲሊ የሚሏት ልጅ ልጄን ትወደዋለች ወይስ ትተውንበታለች?

ነገሩ የጀመረው ቁርስ ላይ ነው። ላዮኔል በገባ ቁጥር ቲሊ ቀና ብላ ታየዋለች፤ ስታየው ፊቷ ይበራል። በዚያ ቤት ደግሞ ቁርስ ላይ ማንም ማንንም እንዲያ አይቶ አያውቅም። ሟቹ ሎርድ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የትዳር ዘመናቸውን ሙሉ ቁርስ የበሉት ከጋዜጣ ጀርባ ሆነው ነው። ሌዲ ሆኖሪያ የባላቸውን መልክ በደንብ ያጠኑት ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ሥዕል ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ታዲያ በጠዋት፣ ገና እንቁላሉ ሳይቀርብ፣ ይህ ሁሉ ብርሃን ከየት ይመጣል? ቅናትም ነበረበት፤ እሳቸው ግን ጥንቃቄ ብለው ነው የሚጠሩት።

አንድ ቀን ፀጉራቸውን የምታበጥረውን ደንገጡራቸውን ያዟት።

"ዶብስ፣ አንቺ ያን ቴአትሯን አይተሻል አይደል?"

"እኔ? ኧረ እሜቴ፣ እኔ ቴአትር ቤት ምን እሠራለሁ!"

"ዶብስ።"

"አንዴ ነው እሜቴ። እሱም እህቴ ጎትታኝ።"

"ታዲያስ?"

"ሳንባ ነቀርሳ ይዟት ትሞታለች። አጠገቤ የተቀመጠው ሥጋ ሻጭ እንደ ሕፃን ሲነፋረቅ መሐረቤን ሰጠሁት። ይዞት ሄደ፤ ይኸው እስከ ዛሬ።"

"መሐረብሽን ተዪው። ከሞተች በኋላስ?"

"ከሞተች በኋላማ መጋረጃው ተከፈተና ተነሥታ እየሳቀች እጅ ነሣች።"

ሌዲ ሆኖሪያ በመስታወቱ ውስጥ ራሳቸውን አዩ። የፈሩትም ይህንኑ ነበር፤ ሞታ የምትነሣ ልጅ ምኗ ይታመናል?

ከዚያ ወዲያ በዚያ ዕድሜያቸው ስለላ ገቡ። ከዓምድ ጀርባ ይቆማሉ፤ በደረጃው ላይ ድምፅ አጥፍተው ይወርዳሉ። የፈለጉት ቲሊ ማንም አያየኝም ብላ ስትዘናጋ ፊቷ ምን እንደሚመስል ማየት ነበር። አንዴ መስኮት አጠገብ ብቻዋን ስታዛጋ አገኟት። ሌላ ጊዜ ጫማዋን አውልቃ ጣቷን ስታሽ ደረሱባት። ይህ ደግሞ ለምንም ማስረጃ አይሆንም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ያዙ። ላዮኔል አንድ ጳጳስ ኩሬ ውስጥ ስለ ወደቁበት ቀን የሚያወራው ጨዋታ አለው። ልጁ ደግ ሰው ነው እንጂ ጨዋታ አያውቅም፤ የሚያስቀውን ቦታ መጀመሪያ ላይ ይናገርና ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ ያብራራል። ቲሊ ይህን ጨዋታ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰምታዋለች። በሰማችው ቁጥር ደግሞ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች። ሌዲ ሆኖሪያ ሾርባቸው ላይ አቀርቅረው "አገኘሁሽ!" አሉ በልባቸው።

በማግስቱ ጽጌረዳ ስትቆርጥ አትክልት ቦታው ድረስ ሄዱባት።

"አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።"

"ይጠይቁኝ፣ እማማ።"

እማማ ሲባሉ ሁልጊዜ ገበያ ላይ ጎመን ዘርግተው የተቀመጡ ይመስላቸዋል፤ ያን ዕለት ግን አለፉት።

"መድረክ ላይ እንዴት ነው የምታለቅሺው?"

ቲሊ መቀሷን ቅርጫቱ ውስጥ ጣለች። እዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ ስለ ዝናብና ስለ ውሻ ካልሆነ በቀር የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ደስ አላት።

"መጀመሪያ ሰሞን የሞተችብኝን እህቴን አስብ ነበር። እያደር ግን ሰውነት ይለምደዋል። ጉሮሮዬን እንዲህ ጠበቅ አድርጌ እይዝና... ላሳይዎት?"

መልስ ሳትጠብቅ አሳየቻቸው። አንዲት ዘለላ እንባ በጉንጯ ወረደች፤ ወዲያው በእጅጌዋ ጠርጋ ሳቀች። ሌዲ ሆኖሪያ ደነገጡ። እውነቱ ይነገር ከተባለ ደግሞ "እስቲ ድገሚው" ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

"ሳቁስ?"

"ሳቅ ይከብዳል። ሳቅ በጉሮሮ አይገኝም።"

"የጳጳሱ ጨዋታ ግን ያስቅሻል።"

ቲሊ ባሏ አለመኖሩን ለማረጋገጥ ዙሪያዋን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ኧረ በፍጹም! እንደዚያ የማያስቅ ጨዋታ ከተወለድኩ ሰምቼ አላውቅም።"

"ታዲያ ምን ያስገለፍጥሻል?"

"ሲያወራ ፊቱን አይተውት ያውቃሉ?"

ሌዲ ሆኖሪያ ይህን እንደ መልስ አልቆጠሩትም፤ ኑዛዜ አድርገው ወሰዱት። ሳቁ የውሸት ነው፤ ራሷ አመነች። ሳቁ የውሸት ከሆነ የቁርሱስ ብርሃን? ጥያቄያቸውን እንደያዙ ወደ ቤት ተመለሱ፤ እንዲያውም ብሶባቸው።

በኅዳር ላዮኔል ቀበሮ አደን ወጥቶ ፈረሱ አጥር ሲዘል አብሮት ወደቀ። በበር ሳንቃ ላይ አጋድመው አመጡት። ዶክተር ፌንዊክ የተባለው ወጣት ሐኪም ብዙ ከቆየ በኋላ ወርዶ እናቲቱንና ሚስቲቱን መጻሕፍት ቤት አገኛቸው።

"አከርካሪው ነው" አለ። "ሕይወቱ ሊተርፍ ይችላል። እግሮቹ ግን ከእንግዲህ አይታዘዙለትም።"

ሐኪሙ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋ።

"እሱ አያውቅም። መደንዘዙ ከመርፌው ነው ብዬዋለሁ። እለምናችኋለሁ፣ ትንሽ ጉልበት እስኪያገኝ አይወቅ። ዛሬ ተስፋ ከቆረጠ የሚያድር አይመስለኝም።"

ሌዲ ሆኖሪያ ወደ ምራታቸው ዞሩ። በዚያች ሰዓት እንኳ፣ አምላክ ይቅር ይበላቸው፣ ማየት ፈለጉ። የቲሊ ዓይን ደርቋል። ጠብ ያለ እንባ የለም፤ ፊቷ ዱቄት መስሏል። ሄዳ የሟቹን ሎርድ የቻይና የአበባ ማስቀመጫ በሁለት እጇ አቀፈችና አስመለሰችበት።

ከዚያ አፏን ጠርጋ ወደ ሐኪሙ ተመለሰች።

"የሚድን ቢሆን ኖሮ ምን ይሉት ነበር? ለስንት ጊዜ ተኛ ይሉታል? መጀመሪያ የሚሰማው የትኛው ጣቱ ነው? ሁሉንም ይንገሩኝ።"

ሐኪሙ ነገራት። እሷም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አጠናችው። ደረጃውን ወጥታ በሩ ጋ ስትደርስ ጉንጮቿን ቆነጠጠች፣ እጆቿን አራገፈች፣ በረጅሙ ተነፈሰችና ገባች።

"አንተ! እስከ ገና ተጋድመህ እኔን ወዲያ ወዲህ ልትልከኝ ነው ሐሳብህ?"

"ቲሊ... እግሬ አይሰማኝም።"

"እንዴት ይሰማህ? ዶክተሩ ለፈረስ የሚበቃ መድኃኒት ወግቶህ! ፈረስህማ ቆሞ ገብስ እየበላ ነው፤ መልኩም ካንተ ይሻላል።"

ላዮኔል ሳቀ። ሳቁ ደካማ ቢሆንም ሳቅ ነበር።

ሌዲ ሆኖሪያ በበሩ ክፍተት ያያሉ። ስንት ወር ሙሉ ውሸቷን ሲያሳድዱ ኖረው፣ ዛሬ ውሸቷን ቃል በቃል ስታጠናው አይተዋል። ቢሆንም የት ላይ እንደሚጀምር ሊያገኙት አልቻሉም። ድምፁ የቲሊ ድምፅ ነው፤ ፊቷም ያው የቁርሱ ፊት ነው። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ታች ወረደ። ላዮኔል በማያየው በኩል፣ አልጋው ሥር፣ የቲሊ እግር ይንቀጠቀጣል። ጫማዋ ወለሉን እንዳያንኳኳ በሌላው እግሯ ረግጣ ይዛዋለች።

ያን ጊዜ ሌዲ ሆኖሪያ አፈሩ። ስንት ወር የተሸከሙት ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ ነበር።

ቲሊ ወጥታ በሩን ዘጋችና ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። "እርስዎን ይጠይቃል" አለች።

"ነገ እገባለሁ።"

"'እናቴ ካልመጣች ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው' ይላል።"

"ልጄ፣ በዚህ ፊት እንዴት ልግባ?"

ልጄ ሲሏት የመጀመሪያቸው ነው፤ አንዳቸውም ልብ አላሉትም። ሌዲ ሆኖሪያ መደበቅ ያውቁበታል። የሚያውቁት ግን አንድ ፊት ብቻ ነው፤ ድርቅ ያለ። አባቱ የሞቱ ቀን ትምህርት ቤት ድረስ ሄደው ለላዮኔል የነገሩት በዚሁ ፊት ነው። ያንን ፊት ካየ ሌላ ነጋሪ አያስፈልገውም።

"አሳዪኝ" አሉ። "እንዴት እንደሚደረግ አሳዪኝ።"

ቲሊ ቀና ብላ አየቻቸው። "ደህና ሲሆን ምን ይሉታል?"

"እቆጣዋለሁ።"

"በምን?"

"በምኑም።"

"እንግዲያው ይቆጡት። ፊትዎን ይርሱት፤ እሱ ራሱ ይከተላል። አንድ ከልብ የሚያናድድዎትን ነገር ብቻ ይያዙ።"

ሌዲ ሆኖሪያ አሰቡ። "ባርኔጣው" አሉ። "ሳያስፈቅደኝ የአባቱን ባርኔጣ አድርጎ ወጥቶ ጭቃ ውስጥ ጥሎት መጣ።"

"በጣም ጥሩ። ይግቡ፣ እማማ።"

ገቡ። "ላዮኔል! የአባትህ ባርኔጣ የት አለ?"

ልጁ ትራሱ ላይ ዞሮ አያቸው። የፊቱ ጭንቀት ቀስ እያለ ሲለቀው ታያቸው።

"እናቴ፣ እንዲህ ከተቆጡማ ደህና ነኝ ማለት ነው።"

"ደህና! ደህና ማለት ይሄ ነው? ሰው የሙት ባርኔጣ አድርጎ ቦይ ለቦይ ይንከባለላል?" አሉና አልጋው ጠርዝ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

ከሥራቸው የሆነ ጠንካራ ነገር ተሰማቸው። በብርድ ልብሱ ውስጥ የልጃቸው እግር ነበር። ሙሉ ክብደታቸውን ጣቶቹ ላይ ጥለውበታል። ላዮኔል ግን ዓይን ዓይናቸውን እያየ ፈገግ እንዳለ ነው፤ የሚቀጥለውን ተግሣጽ ይጠብቃል።

ብድግ ቢሉ ወደ እግሩ ያያል። ወደ እግሩ ካየ ያውቃል።

"ያ ባርኔጣ" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ለሠርጋችን የተገዛ ነው! አንድ ቀን ዝናብ ነክቶት አያውቅም!" ስለ ጭቃው ተቆጡ፤ ስለ ጠርዙ ተቆጡ፤ ስላልተቦረሸው ኮቱም ጨመሩበት። ልጃቸው ሲስቅ ሲስቅ ደክሞት እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ ከተቀመጡበት አልተነቃነቁም።