ለፔሮል የተላኩ ሽማግሌዎች

ለሥራ ሽማግሌ ሲላክ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለጋብቻ፣ እሺ። ለተጣላ ጎረቤት፣ እሺ። አባቴ ጋሽ በየነ ግን ክሊኒክ ድረስ ሽማግሌ ይዘው ሄዱ፤ «ልጄን ፔሮል ላይ አስገቡልኝ» ሊሉ! ጉድ እኮ ነው።

እኔ ሠርከአዲስ ነኝ። ሮቤ ገበያው አጠገብ ትንሽ የስፌት ሱቅ አለችኝ። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ የሙሽራ ልብስ እሰፋለሁ፤ ስንዴ ሲታጨድ ደግሞ ገበሬው የተቀደደ ሸራውን ተሸክሞ ይመጣና እሱንም እጠግናለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ጎባ ወጥቼ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ አንሶላና የሐኪም ጋውን እሰፋ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ገዛኸኝ መጀመሪያ ሲያነጋግረኝ፣ «ለሁለት ግማሽ ቀን ማን ፔሮል ላይ ይገባል? በንግድ ፈቃድሽ ሥሪ፣ ደረሰኝ ቁረጪ። የራስሽ አለቃ አንቺው ነሽ» አለኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። አለቃ መሆን ማን ይጠላል? ካሉኝ ሁለት የስፌት መኪናዎች በእግር የሚረገጠውን ከነጠረጴዛው ሚኒባስ ላይ አስጭኜ ወስጄ፣ የክሊኒኩ የጓሮ ክፍል ውስጥ ተከልኩት።

አለቃነቴ አንድ ሳምንት አልቆየም። ገዛኸኝ በር ላይ ቆሞ «አረፈድሽ» ይለኝ ጀመር። ቀጥሎ ደንብ ልብስ አልብሶኝ አረፈ። የጎረቤት ቀብር ልሄድ ስል «ማንን አስፈቅደሽ?» አለኝ። እንዴ! የራሴ አለቃ ከሆንኩ ራሴን ነዋ ያስፈቀድኩት! ይህን ፊት ለፊት ነገርኩትና ለአንድ ወር ሰላምታ ነሳኝ።

እሱንም ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አለፍኩት። አንድ ሐሙስ ግን ወፍራም አልጋ ልብስ ስሰፋ መርፌው ጠቋሚ ጣቴን ከነጥፍሩ በስቶ ወጣ። ጮህኩ። ነርሷ ጤቤ ጥጥና መድኃኒት ይዛ እየሮጠች መጣች። ገዛኸኝ ከኋላዋ ደረሰና ምን ቢል ጥሩ ነው? «መጀመሪያ ካርድ ታውጣ። ነፃ ሕክምና ለሠራተኛ ነው፤ እሷ በራሷ ሥራ ላይ ነች።» ስሰፋ የነበረው የእነሱን አልጋ ልብስ ነው፤ የምደማው እነሱ ግቢ ውስጥ ነው። እየደማሁ ተሰልፌ ካርድ አወጣሁ። ያን ቀን አንጀቴ እንዴት እንዳረረ እኔ ነኝ የማውቀው።

ለአባቴ «በር ቀረጠፈኝ» አልኳቸው። እውነቱን ብነግራቸው «ብያለሁ እኮ!» ሊሉኝ ነዋ። አባቴ ጎባ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ ቢሮ የሠሩ ሰው ናቸው። ከሰው ሲተዋወቁ ከስማቸው በፊት መሥሪያ ቤታቸውን ነው የሚናገሩት። ሱቄን «ያው እስኪያልፍ ድረስ» ይሏታል። ያላለፈላት፣ ፔሮል ላይ ያልገባች ልጅ ነኝ በእሳቸው ዓይን።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ገዛኸኝን «እንግዲያው ቅጠረኝ» አልኩት። «በሥራ ሰዓት ታዘኛለህ፤ ስወጋ አታውቀኝም። አንዱን ምረጥ።» «እናስብበታለን» አለ። ማታ ለአባቴ ፔሮል መጠየቄን ብቻ ነገርኳቸው። እኔ ነኝ ሞኟ! በማግስቱ ጎረቤታችንን ኦቦ ኢታናን አስከትለው፣ ሁለቱም ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ጎባ ለመውጣት ተዘጋጁ።

«አባባ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ዝም በይ። አንቺ አፍሽ ነው የሚያበላሽብሽ።»

ኦቦ ኢታና ሳቁና «ልጄ፣ እኔ ብዙ ሴት ልጅ በሽምግልና ድሬያለሁ። ለፔሮል ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ።

እኔም ተከተልኳቸውና ገዛኸኝ ቢሮ ገባን። ሽማግሌዎቹ አንቀመጥም አሉ፤ ለጋብቻ እንደሚደረገው፣ ጉዳያቸው ካልተሰማ ወንበር አይነኩም። ገዛኸኝም የአገሩ ልጅ ነው፤ ሽማግሌ ቆሞ እሱ ሊቀመጥ? ተነሣ። አራታችንም ጠረጴዛ ከበን ቆምን። ኦቦ ኢታና የቤተሰቡን ጤና በኦሮምኛ ጠየቁ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ መረቁ፣ ከዚያ «ልጃችንን እንድትቀበላት መጣን» አሉ። ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነከስኩ።

«እሺ፣ ለእናንተ ስል ፔሮል ላይ ትገባለች። ጡረታም ይያዝላታል። እባካችሁ ተቀመጡ» አለ ገዛኸኝ።

ተቀመጡ። የአባቴ ፊት ሲበራ አየሁ። እውነቴን ነው፣ በእኔ እንዲህ ተደስተው አያውቁም።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ ገዛኸኝ። «የሮቤዋን ሱቅ ትዝጋ። የእኛ ሠራተኛ ሆና ውጭ መስፋት የለም።»

«ሙሉ ቀን ልትቀጥረኝ ነው?» አልኩ።

«አይ፣ ያው ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት።»

«ሌላውን ቀን ምን ልብላ?»

«እሱ የአንቺ ጉዳይ ነው።»

አባቴ ክንዴን ያዙኝ። «ሠርኬ፣ እሺ በይ። ሱቅ ምን ይሠራልሻል? ሽማግሌ አታሳፍሪ።»

ደሜ ፈላ። «አባባ፣ ያሳደጉኝ አባቴ ነዎት፤ እግርዎ ላይ ውደቂ ቢሉኝ እወድቃለሁ። ሱቄን ግን አልዘጋም! ለሁለት ግማሽ ቀን ብሎ ሳምንቴን ሙሉ ሊወስድብኝ ነው። አልፈርምም።»

«አዋረድሽኝ!» ክንዴን ለቀቁት። «ሰው ፊት አዋረድሽኝ!»

ከዚህ በኋላ ምን እደብቃለሁ? ጣቴን አሳየኋቸው። «ይህን በር አይደለም የቀረጠፈው። እዚሁ ጓሮ መርፌ በስቶኝ ነው። ሠራተኛ አይደለሽም ተብዬ እየደማሁ ካርድ አውጥቻለሁ።»

አባቴ ጣቴን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ገዛኸኝ ዞሩ። «እውነት ነው?»

«ጋሽ በየነ፣ ያኔ እኮ በራሷ ነበር የምትሠራው። አሠራሩ ነው።»

«በራሷ የምትሠራ ከሆነ ሱቋን ዝጊ የምትላት አንተ ማን ነህ?»

«አይ፣ ሱቁን መዝጋት ፔሮል ላይ ስትገባ ነው እንጂ…»

«ያኔ ስትደማ አላወቅሃትም። አሁን ደግሞ የማታሠራትን ቀን ትከለክላታለህ።» አባቴ ቢሮ የሠሩበት ድምፅ መጣባቸው፤ እያንዳንዱን ቃል ለያይተው ነው የተናገሩት። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፔሮል ላይ ነበርኩ። እንዲህ ያለ አላየሁም።»

ኦቦ ኢታና ጋቢያቸውን እያጣፉ ተነሡ። «ሂንታኡ!» አሉ። «አይሆንም። እንዲህ ላለው ቤት ልጅ አንሰጥም።»

እኔ ወደ ጓሮ ሄድኩና የስፌት መኪናዬን ልጎትት ያዝኩ። ከነጠረጴዛው ከባድ ነው፤ ለብቻ አይሆንም። አባቴ ከኋላዬ መጡ። ሊቆጡኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

«በዚያ በኩል አንሺ እንጂ! ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ?»

«አባባ፣ ወገብዎ…»

«አንሺ አልኩሽ!»

ኦቦ ኢታናም አንዱን ጥግ ያዙ። ሁለት ባለነጭ ጋቢ ሽማግሌና እኔ፣ የስፌት መኪና ተሸክመን በተራ ጠባቂው በሽተኛ መሐል አለፍን። ሰው ሁሉ እየተነሣ መንገድ ለቀቀልን። ጤቤ በሩን ከፍታ ያዘችልን፤ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች።

ገዛኸኝ እስከ ውጭው በር ተከተለን። «ሠርከአዲስ፣ ኧረ ተረጋጊ! ሐሙስ የሚሰፋ ጋውን አለ እኮ። ለማን ልስጠው?»

አፌን ልከፍት ስል አባቴ ቀደሙኝ። ላብ በግንባራቸው እየወረደ፣ መኪናውን ሳያስቀምጡ ዞር አሉና፣ «ልጄ ሱቅ አላት፤ ሮቤ ገበያው አጠገብ» አሉት። «ይዘህ ና። ተራህን ትጠብቃለህ።»