ያልተገለበጠው ሸክላ

«ክዳኑን እንዳትዘጋው!»

ጡረተኛዋ ርዕሰ መምህርት ይህን ያሉት ከተቀመጡበት ሳይነሱ ነበር። የሻይ ፔርሙስ ይዞ ማሳረፊያ የፈለገው ጎረቤት፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ እጁ አየር ላይ ቀረ። የሸክላ ማጫወቻው ሟቹ ከፍቶ እንደተወው ነበር፤ ሸክላውም ከላዩ አልተነሣም።

«ይቅርታ እትዬ፣ ጠረጴዛ መስሎኝ።»

«ይህን ያህል ዘመን ጥርስ ስትነቅል፣ የሰው መንጋጋ ጠረጴዛ መስሎህ ያውቃል?»

ለቀስተኞቹ ሳቃቸውን በመሐረብ ሸፈኑ።

ሟቹ የርዕሰ መምህርቷ ታናሽ ወንድም፣ የጋዜጣ ጸሐፊ ነበር። ጠዋት ጠዋት አንድ ሸክላ ይመርጣል። የመጀመሪያው ፊት እየተጫወተ ስለ ሙዚቃው ይጽፋል፤ ሸክላውን ይገለብጥና በሁለተኛው ፊት ያንኑ ሙዚቃ ተንተርሶ ወደ አገር ጉዳይ ይሻገራል። መርፌው ዳር ሲደርስ ጽሑፉም ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል አይጨምርም። ቀጥሎ ለእኅቱ ይደውልና ያነብላቸዋል። እሳቸውም ቀይ እስክሪብቷቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ።

«‹እጅግ በጣም› አልክ። አንዱን ምረጥ።»

«እትዬ፣ አንዳንድ ነገር እኮ በአንዱ ብቻ አይወጣለትም።»

«አንዱን ምረጥ አልኩህ!»

አድንቀውት አያውቁም። ንባቡ ሲያበቃ የሚሉት «ይውጣ» ብቻ ነበር፤ እሱም ያለዚያች ቃል ጽሑፉን ልኮ አያውቅም። መጥተው ሙዚቃውን አብረውት እንዲሰሙ ሲለምናቸው ግን «እኔ የምሰማው ዐረፍተ ነገር ነው» ይሉ ነበር።

አንድ ጠዋት ስልኩ ሳይጮኽ ቀረ። እኅቱ ሲመጡ ወንበሩ ላይ እንዳለ ሞቶ አገኙት። የመጀመሪያው ፊት አልቋል፤ ሸክላው አልተገለበጠም፤ ጽሑፉም ግማሽ ላይ ቆሟል።

አሁን የጋዜጣው አዘጋጅ ያንን ግማሽ ጽሑፍ ይዞ አጠገባቸው ተቀምጧል። በወዲያ በኩል የአጎታቸው ልጅ፣ የከተማው ምክር ቤት ቃል አቀባይ፣ አለ። ምክር ቤቱ የገዛ ራሱን የሥራ ዘመን የሚያራዝም ረቂቅ አቅርቦ ከተማው ሰሞኑን የሚነጋገረው ስለዚሁ ነበር።

አዘጋጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ፦ «ትራምፔት ተጫዋቹ እጅግ በጣም ጎበዝ ነው። ሲነፋ የሰማው ሁሉ ባያቆም ይላል። እሱም አላቆመም። ዘፋኟ ግን ማይክሮፎኑ ፊት ቆማ ትጠብቃለች።» ቀና አለ። «እዚህ ላይ ያበቃል።»

«ምን ቀረውና!» አለ ቃል አቀባዩ። «ጎበዝ ነው፣ ባያቆም፣ ብሏል። ምክር ቤቱ ይቀጥል ማለቱ ነው።»

«ቆማ የምትጠብቀዋን ወዴት አደረግሃት?» አለ አዘጋጁ። «ሕዝቡ እኮ ነው! መምህርት፣ ሁለት ዐረፍተ ነገር ጨምሬ ልዝጋው። አጻጻፉን ዐውቀዋለሁ።»

«የአንተን ድርሰት ሳርም የኖርኩት እኔ ነኝ» አሉት። «መደምደሚያህ ሁልጊዜ ከጎረቤት ዴስክ የመጣ ነበር።»

ቃል አቀባዩ ሳቀ።

«አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል? በሕይወቱ ደጁን ያልረገጥህ፣ ዛሬ ሬሳውን ምስክር ልታደርግ መጣህ።»

«ታዲያ ማን ይጨርሰው?» አለ አዘጋጁ። «ዛሬ ማተሚያ ቤት ካልገባ፣ ረቂቁ ላይ ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ምን ይረባል?»

ርዕሰ መምህርቷ ጀርባቸውን እንዳቀኑ ተነሡ። ሸክላውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ገለበጡት። ከዚያ የጥርስ ሐኪሙን ጠሩ፤ «መርፌውን አንተ አስቀምጥልኝ። የአንተ እጅ አይንቀጠቀጥም።»

«በለቅሶ ቤት ዘፈን?» አለ ቃል አቀባዩ።

«ዘፈን አይደለም። ያላለቀ ሥራ ነው።»

ትራምፔቱ ካቆመበት ቀጠለ። ወዲያው ዘፋኟ ሳትለመን ገባች። ትራምፔቱ ጥቂት ታገላት፤ ቀስ በቀስ ዝቅ እያለ ከሥሯ ይነፋ ጀመር፤ እንዲያ ሲሆን ከበፊቱ ይልቅ አማረበት። ቃል አቀባዩ ወለሉን ያይ ነበር። መርፌው ዳር ሲደርስ አዘጋጁ እስክሪብቶ መዝዞ ተነሣ።

«አገኘሁት!»

«አስቀምጥ።»

«እርስዎም እኮ ሰምተዋል! ምን ሊል እንደነበረ ያውቃሉ።»

«ከነአራት ነጥቡ ዐውቃለሁ። እሱ ግን አላለውም፤ አላነበበልኝም። ያለው ይታተም፤ የቀረው ቦታ ነጭ ይሁን።»

«ባዶ መተዋችን ራሱ ፖለቲካ ነው ይሉናል።»

«ይበሉ። የፊደል ግድፈት ግን አያገኙበትም።»

በማግስቱ ጋዜጣው ለቅሶ ቤት ደረሰ። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እያንዳንዱ ከነጩ ቦታ ሲደርስ የቀረውን እንደሚያነብ ሰው ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር። ቃል አቀባዩ ሳይመጣ ዋለ።

ወንድማቸው ይደውልበት በነበረው ሰዓት ርዕሰ መምህርቷ ጋዜጣውን ይዘው ከስልኩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ቀዩን እስክሪብቶም ከፈቱ። ከመጀመሪያው መስመር ጀመሩ። «እጅግ በጣም» ከሚለው ሲደርሱ የእስክሪብቶው ጫፍ «እጅግ» ላይ ቆመ። መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ስልኩን አዩት፤ ሳይሰርዙም አልፈው እስከ ነጩ ቦታ አነበቡ።

«ይውጣ» አሉ፤ የእስክሪብቶውንም ክዳን ገጠሙ።