«ይጻፍልን» ላይ የጻፍኩት

ልጄ ያለችበትን ቤት ከዘመድ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ትንሹን ልጇን ይዛ የሸሸችው ከባሏ ነው። ሦስት ዓመት ደበደባት፤ በመጨረሻ ክንዷን ሰበረው። ባሏ ስልክ ጠጋኝ ነው። ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ በየማለዳው የእሷን ስም፣ የልጃቸውን ስም፣ የእኔን ስም ኢንተርኔት ላይ እየጻፈ እንደሚፈልግ ከጎረቤቶቹ ሰምተናል።

የተጠለለችበት ቤት ምልክት የለውም። ጠያቂ የሚገባው በወር አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ስልክ በር ላይ ይቀራል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ልጄ እጄን ይዛ፣ «እማዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ፤ ለጥላሽም ቢሆን እንዳትናገሪ» አለችኝ።

«አልናገርም» አልኳት። አልተናገርኩምም። ጻፍኩት እንጂ።

የምሠራው ላውንደሪ ውስጥ ነው፤ የሆቴል አንሶላ እተኩሳለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ ስወጣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት እወርድና ማንበብና መጻፍ እማራለሁ። አስተማሪያችን የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ናት፤ በዕድሜ ልጄን ታክላለች። ያን ሐሙስ ኮምፒውተሮቹን ከፋፍታ ሰጠችንና ስለ አንድ መዝገበ ዕውቀት ነገረችን። መጽሐፍ አይደለም፤ ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው። የሚጽፉት ደመወዝ የማይከፈላቸው ፈቃደኞች ናቸው። ገና ያልተጻፈ ነገር ካለ ማንም ሰው ሐሳብ ማቅረብ ይችላል፤ ለዚህም «ይጻፍልን» የሚባል ገጽ አለው።

«ዛሬ እያንዳንዳችሁ አንድ ሐሳብ ታቀርባላችሁ» አለች።

«እኛ?» አለ ዘበኛው። በክፍላችን በዕድሜ ትልቁ እሱ ነው። «ፊደል ከቆጠርን ገና ስምንት ወራችን፤ ዓለምን ልናስተምር?»

«አታስተምሩም ጋሼ። የጎደለውን ትናገራላችሁ። የጎደለውን ደግሞ ከጎደለበት ሰው በላይ የሚያውቅ የለም።»

«እንግዲያውስ ዘበኛን ብቻ ለይቶ ሊነጋ ሲል የሚመጣው እንቅልፍ ይጻፍልኝ።»

«አንተ ጋ ሊነጋ ሲል ነው እንዴ የሚመጣው?» አለችው ከጎኔ የተቀመጠችው ምግብ አብሳይ። «መች ተለይቶህ ያውቅና!»

ተሳሳቅን። እኔ ግን አስተማሪያችን ያለችው ነገር ሆዴ ገብቶ ቀረ። የጎደለብኝን አውቀዋለሁ። ልጄ ፊቷ አብጦ እየመጣች «ወዴት ልሂድ?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። ሴት ልጅ ከልጇ ጋር የምትጠለልበት ቤት በዓለም ላይ መኖሩን አላውቅም ነበር። ሦስቱን ዓመት «ቻይው» እያልኩ ያስገረፍኳት እኔው ነኝ። ያን ጊዜ የሚያውቅ ሰው ጽፎት፣ የሚያነብ ሰው አንብቦ ቢነግረኝ ኖሮ!

ላውንደሪያችን መግቢያ ላይ ቁልፍ ያለው የሐሳብ መስጫ ሣጥን ተሰቅሏል። ወረቀቱን አጥፎ መክተት ነው፤ ከፍቶ የሚያነበው ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው፣ ካነበበ። ይህም ገጽ እንደዚያ ያለ ሣጥን መሰለኝ። አንድ ደግ ሰው የሆነ ቦታ ቁልፉን ይዞ የተቀመጠ መሰለኝ። ደግሞ ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ የተማርነው ቅጽ መሙላት ነበር። «ባዶ ቦታ ያለበት ቅጽ ይመለሳል» ስትለን ሰንብታለች። ስለዚህ እንዳይመለስብኝ ብዬ አንድም ነገር አላስቀረሁም።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሴቶች ከባል ዱላ የሚጠለሉበት ቤት ይጻፍልን። ሰው እንዲህ ያለ ቤት እንዳለ አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር። ልጄ አሁን ከልጇ ጋር እዚያ ናት። ከዳቦ ፋብሪካው ኋላ ነው። በሩ አረንጓዴ ነው። ጥሩ ሰዎች ናቸው።» ከሥሩ ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ አኖርኩ።

አስተማሪያችን የዘበኛውን እንቅልፍ እያረመች ነበር። «የጨረሰ ‹ላክ› የሚለውን ራሱ ይጫነው፤ እኔ ጣት አላበድርም» ብላለች። ተጫንኩት። በሕይወቴ ማንም እጄን ሳይዘኝ የጻፍኩት የመጀመሪያው ነገር ነው። አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ቤቴ ገባሁ።

ማክሰኞ ስደርስ ዘበኛው ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። «ኑ፣ ኑ! ስሜ ወጥቷል! ልጄ ነው ያሳየኝ። ባሕር ማዶ ያለ ሰው እንኳ ይሄን ከፍቶ ያነበዋል አለኝ።»

«እንቅልፍህ ባሕር ተሻገረ በለኛ!» አለችው ምግብ አብሳይዋ።

«ሳቂ፣ ሳቂ። የአንቺም አለ። የሁላችንም አለ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «የአንቺማ እህቴ ልብ ይነካል። ቆይ ላንብበው...» ጣቱን ከፊደል ፊደል እያስኬደ፣ ጮክ ብሎ፣ ያነብ ጀመር። «ከ...ዳቦ... ፋብሪካው... ኋላ...»

ክው አልኩ።

«ጋሼ፣ ተው» አልኩ። አልሰማኝም።

«በሩ... አረንጓዴ...»

አስተማሪያችን ከውስጥ ሮጣ መጣች። ስልኩን ከእጁ ነጠቀችው፤ አነበበች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። «እትዬ» አለችኝ፣ «ይሄ እውነት ነው? የእውነት ልጅዎ ናት?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠች። የጻፍኩትን ሰረዘችው። ቦታው ነጭ ሆነ። ትንፋሼ መለስ አለ፤ እሷ ግን አልተነሣችም። ከላይ በኩል «ታሪክ» የሚል ነገር ስትነካ የተሰረዘው ሁሉ ተመልሶ መጣ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የበሩ ቀለም ሳይቀር።

«እዚህ የተጻፈ ነገር ቢሰረዝም መዝገቡ ይቀራል» አለች። «ሙሉ በሙሉ መሸፈን የሚችሉት አስተዳዳሪዎቹ ናቸው። አሁኑኑ እጽፍላቸዋለሁ። ግን እነሱም ፈቃደኞች ናቸው፤ በአንድ ሰዓት ይመልሱ፣ በሁለት ቀን፣ አላውቅም።»

«ይሄስ ምንድነው?» አልኳት። ከእኔ ጽሑፍ ሥር ሌላ መስመር ነበር። እየተንተባተብኩ አነበብኩት። «ጥሩ ሐሳብ ነው። የዳቦ ፋብሪካው የትኛው ነው?» ስሙን ያልሰጠ ሰው ነው፤ በስም ፋንታ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። የተጻፈው እሑድ ነው።

ዘበኛው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። «እኔ ነኝ ጉድ የሠራሁት?» አለ።

«አንተ ባታነበው ኖሮ እስከ ዛሬም አላውቅም ነበር» አልኩት።

«ማንም ሊሆን ይችላል» አለች አስተማሪያችን። «የሚጽፉት ሰዎች ሁልጊዜ እንዲህ ይጠይቃሉ፤ ቦታ፣ ቀን፣ ማስረጃ...» ቃሏን አልጨረሰችውም። እሷም የምትለውን አላመነችውም። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳላየው ነው ያስላክሁዎት።»

የማን ጥፋት መሆኑ ምን ያደርግልኛል? እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። አንዱ ፍርሃት ስለ ልጄ ባል ነው። ሌላው ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ስለ ራሴ ነበር። ለልጄ ካልነገርኳትስ? በቁጥር የጻፈው ያ ደግ ፈቃደኛ ቢሆንስ? አስተዳዳሪዎቹ ዛሬ ቢሸፍኑትስ? ማንም ሳያውቅ ያልፋል። ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ የልጅ ልጄን እስማለሁ። ከነገርኳት ግን እናቷ መሆኔ ያከትማል። ከሰው ሁሉ እኔን አምና።

«የመጠለያውን ስልክ ቁጥር ያውቁታል?» አለችኝ።

በቃሌ ነው የማውቀው። የግድግዳው ሰዓት ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። ያቺ አረንጓዴ በር ስትንኳኳ ታየኝ፤ የልጅ ልጄ፣ በር ሲንኳኳ ሮጦ መክፈት የሚወደው፣ ታየኝ።

«ደውይልኝ» አልኳት።

ያነሣችው የቤቱ ኃላፊ ናት። የሆነውን ስነግራት አላቋረጠችኝም። ሳበቃ፣ «የጻፉትን ቃል በቃል ይንገሩኝ» አለች። ነገርኳት። «መልስ የሰጠ አለ?» ነገርኳት። «ልጅዎን አቀርብልዎታለሁ። ረጅም ጊዜ የለንም» አለችኝ።

«እማዬ? ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

እኔን ነው ያሰበችው። «ደህና ነኝ። ልጄ፣ አንድ ነገር ሠርቻለሁ።» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት።

«ጻፍሽው?» አለች። «አንቺ? በእጅሽ?»

«በእጄ።»

ለቅጽበት የገረማት መሰለኝ። ወዲያው ግን ድምፅዋ ተለወጠ። «የበሩን ቀለም ጭምር?»

«ሌላዋ እናት ትወቀው ብዬ ነው። ሣጥን መስሎኝ...»

«እማዬ፣ ስንት ሰው ነው እዚህ ያለው! አሥራ አንድ ሴት ነው ያለነው።» ለካ እኔ ስለ አንዲት ልጄ ብቻ ነበር የማስበው። አስተማሪያችን ወንበር አስጠጋችልኝ።

ከኋላ የልጁ ድምፅ መጣ። «አያቴ ናት? እኔም ላውራት!»

«አሁን አይሆንም። ጫማህን አድርግ» አለችው። ከዚያ ለእኔ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ባትነግሪኝ ኖሮ ይቅር አልልሽም ነበር። አሁን ግን ምን እንደምልሽ አላውቅም» አለችኝ። ስልኩ ወደ ኃላፊዋ ተመለሰ።

«ዛሬውኑ ሁሉንም እናነሣለን» አለች። «የት እንደሚሄዱ አልነግርዎትም። ይህን ቁጥርም ከእንግዲህ አይደውሉበት።»

«እስከ መቼ?»

«ብነግርዎት ደስ ይለኝ ነበር።» ስልኩ ተዘጋ።

ያን ዕለት ማታ አንድ አስተዳዳሪ መልስ ሰጠ። ሐሙስ አስተማሪያችን አነበበችልኝ፦ «ተሸፍኗል። በልጅቱ ላይ ክፉ አይድረስ።» ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደሆነ አላውቅም። ያ በቁጥር የጠየቀው ሰው ማን እንደሆነ ይንገሩን ብላ ጽፋላቸው ነበር። ለእሱ መልስ አልነበራቸውም።

ዓርብ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሰው አይመጣብኝም። ከፈትኩ።

አማቼ ነው። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ፀጉሩ ተበጥሯል።

«እንደምን ዋሉ እማማ?» አለ። «እንኳን ደስ ያለዎት። መጻፍ ተማሩ።»

ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠጋው። የጻፍኩት ነገር ሁሉ ፎቶ ተነሥቶ እዚያ አለ። «አሁን ተሸፍኗል። እኔ ግን እንደሚያውቁኝ ማለዳ ተነሺ ነኝ።»

በሩን ይዤ ቆሜያለሁ። መዝጋት እንኳ አልቻልኩም።

«ከተማው ውስጥ አራት የዳቦ ፋብሪካ አለ፤ ያውቃሉ? እዚያው ላይ ብጠይቅዎ አልመለሱልኝም፤ ሦስቱን በእግሬ ዞርኩ። አራተኛው ኋላ ትናንት ስደርስ አንድ ሰውዬ በሩን ሰማያዊ ይቀባል። አረንጓዴ በር ነው የምፈልገው ስለው፣ ‹ዘግይተሃል› ብሎኝ መቀባቱን ቀጠለ።» ሳቀ። «የት ወሰዷት?»

«አላውቅም።»

«ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ እንዲሁ ብለውኛል። ያኔ ግን መሬት መሬት ያዩ ነበር።»

ቀና ብዬ ዓይኑን አየሁት። «አላውቅም። እንዳላውቅ ተደርጌአለሁ። አሁን አንተና እኔ እኩል ነን።»

ብዙ ጊዜ አየኝ። ፊቴን እንደተበላሸ ስልክ እየፈታ፣ ውስጡን እየፈተሸ ነበር። ምንም አላገኘም። አለማግኘቱ ሲገባው የመንጋጋው አጥንት ተንቀሳቀሰ፤ እጁ የበሩን ጠርዝ ጨበጠ። ልጄ ሦስት ዓመት ያየችውን ፊት ያን ጊዜ አየሁት።

«ትደውልልዎታለች» አለ። «ሳትደውል መቅረት አትችልም፤ የእናቷ ልጅ ናት። ያን ጊዜ እኔ አለሁ።» እጅ ነሥቶኝ ወረደ።

በሩን ቀርቅሬ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ኮቴው አንድ ፎቅ ወረደና ቆመ። በር ሲከፈት አልሰማሁም። ደረጃውን ሲወርድም አልሰማሁም። ገባኝ። ነጠላ ጫማዬን አድርጌ ወደ እሷ እንድሮጥ ነው የሚጠብቀው።

የምሮጥበት አልነበረኝም። ልብሴን እንደለበስኩ ወንበሩን ወደ በሩ አስጠግቼ ተቀመጥኩ። ይጠብቅ። ይከተለኝም። ነገ ከላውንደሪው፣ ማክሰኞ ከቤተ መጻሕፍቱ ሌላ የትም አያገኘኝም። ልጄ ግን እንዳትደውል፣ እባክሽ እንዳትደውዪ እያልኩ፣ ስልኬን በሁለት እጄ አፍኜ ይዤ ተቀመጥኩ።