ቀለበት የሌለው እጅ

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ቪዲዮ ሲቀርጽ ቀለበቱን ያወልቅ ነበር አሉ።»

የሟች ታላቅ እህት አዲስ ለቀስተኛ ገብቶ በተቀመጠ ቁጥር ይህችን ታነሣለች። ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤ ዝቅ የምታደርገው ግን ማዶ ያለውም እንዲሰማ አድርጋ ነው። ማን አለ ብሎ የጠየቃት እንደሆነ መልሷ ዝግጁ ነው፤ እኔ አላልኩም፣ ሰው ነው የሚለው ትላለች። ያ ሰው የሚሉት ፍጡር አንድ ቀን እንኳ ለቅሶ ቤት መጥቶ ራሱ ሲናገር ታይቶ አይታወቅም።

የሟች ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይዟል፤ ላዩ ላይ ፔርሙስና የሻይ ብርጭቆ ተደርድሮበታል። እሷ ከጎኑ ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማለች። ሐሜቱ አዲስ አልሆነባትም። የከነከናት ሌላ ሰውም ማወቁ ነው። ቀለበቱ እሷው ዘንድ ነበርና፤ በሻሿ ጫፍ ተቋጥሮ፣ አንገቷ ሥር።

ያገኘችው ባሏ ሳይታመም በፊት ነው። ኮቱን ልትተኩስ ኪሱን ስትፈትሽ በሶፍት ተጠቅልሎ እጇ ላይ ወደቀ። ኪሱን የሰፋችው ራሷ ናት፤ የውስጥ ኪስ ምን ለመደበቅ እንደሚሰፋ ከሷ በላይ ማን ያውቃል? ያገባ ሰው ቀለበቱን ጠቅልሎ የሚሸሽግበት ምክንያት ለሷ አንድ ብቻ ነበር። አልጠየቀችውም። መጠየቅ ለሷ መለመን ነው። ወስዳ ደበቀችው፤ እስቲ እሱ ይጠይቀኝ ብላ።

እሱም አልጠየቀም። እራት ላይ ግራ እጁን ከጠረጴዛ ሥር መደበቅ ጀመረ እንጂ። ሆስፒታል ከገባ በኋላም ኮቱን አስመጣና የውስጥ ኪሱን ዳበሰ፤ ደግሞ ዳበሰ።

«ምን ጠፋብህ?» አለችው።

«ምንም» አለ፣ ዓይኑን ሰብሮ።

ያቺን «ምንም» እንደ ጥፋተኛ የእምነት ቃል ያዘችበት። ንጹሕ ሰው ዓይኑን ይሰብራል? ለቀብር ሲያለብሱት ወንድሙ ስለ ቀለበቱ ቢጠይቃት የት እንዳለ አላውቅም ብላ ፊቷን አዞረች። ሰውዬው በባዶ ጣቱ ሄደ።

ሒሳብ አስተማሪ ነበር። ተማሪዎቹ «እኩል ነው» ይሉታል፤ እኩል ነው ሳይል ትንፋሽ ስለማይወስድ። ክፍሉ ከመጨናነቁ የተነሣ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ሰሌዳውን የሚያዩት በጆሯቸው ነበር። ይሄ ሲያንገበግበው ከረመና አንድ ዘዴ አመጣ፤ ስልኩን ከጠረጴዛ በላይ በእንጨት ያንጠለጥላል፣ ከሥሩ ነጭ ወረቀት ይዘረጋል፣ ግራኝ ነውና ግራ እጁ ሲጽፍ ይቀርጻል። ቪዲዮውን ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ ያሳይና መሐል ላይ አቁሞ ቀጥሎ ምን ይመጣል ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ ለየቤታቸው በስልክ ይልክላቸዋል። የሚሠራው ግን ከክፍል በኋላ እዚያው ትምህርት ቤት ቆይቶ ነው። ቤት የስፌት መኪናው ይጮኻል፤ እዚያ ደግሞ ቪዲዮ ቆርጦ መቀጠል የምታውቅ የኮምፒውተር መምህር አለች። ይህን ሲነግራት ልብስ ሰፊዋ ሳቀችበት፤ ቆርጦ መቀጠልማ እኔስ መቼ አቃተኝ ብላ። ሳቋ ግን ከጉሮሮዋ አልወረደም።

አሁን ደጅ የተቀመጡት ተማሪዎቹ ስልካቸውን ከፍተው ድምፁን ያሰማሉ። «እዚህ ላይ አቁሙትና ራሳችሁ ሞክሩት፤ እጠብቃችኋለሁ» ይላል ሟቹ፣ ጤነኛ ሆኖ። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ እንባውን ይጠርጋል። እሷ አታለቅስም። ስልኳን ጉያዋ ይዛ ቪዲዮዎቹን እንደ መርማሪ ታገላብጣለች። እጁ ባዶ ነው። በሁሉም ባዶ ነው። በአንዱ የወረቀቱ ጠርዝ ላይ የሴት ጥላ አየች። በሌላው መጨረሻ ላይ የሴት ሳቅ ሰማች፤ ግማሹ ላይ ተቆርጧል። ቀሪው ግማሽ ምን ኖሮበት ነው የተቆረጠው?

ብቻ ትምጣ፣ አለች በሆዷ። ሰው በተሰበሰበበት ቀለበቱን መዳፏ ላይ አኖርላታለሁ።

የኮምፒውተር መምህሯ የመጣችው ቤቱ ጢም ባለበት ሰዓት ነው። ወሬው የሚያህል ውበት የላትም፤ ልብስ ሰፊዋን ይሄም ራሱ አበሳጫት። የሟች እህት ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋች፤ ወሬዋ በእግሩ መጥቶላት እንዴት ይለፋት። ልብስ ሰፊዋ የሻሿን ቋጠሮ ፈታችና ቀለበቱን የመምህሯ መዳፍ ላይ ጣለችው።

«ንብረትሽ ነው መሰለኝ። ላንቺ ብሎ አይደል ሲያወልቀው የኖረው?»

ሻይ የያዘ ሁሉ ብርጭቆውን ከአፉ መለሰ። መምህሯ ቀለበቱን አገላበጠችው። ታፍራለች ብለው የጠበቁት ሁሉ ግራ ገባቸው።

«አይ እትዬ» አለች፤ «ለኔ አይደለም። ለመብራቱ ነው።»

«ለየቱ መብራት?»

«እኔ ስይዝለት ለነበረው።»

ስልኳን አውጥታ መጀመሪያ የሠሩትን ቪዲዮ ከፈተች። ቀለበቱ ጣቱ ላይ ነው። እጁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ነጭ ብልጭታ ይዘልና የጻፈውን ይውጠዋል። የኋላ ወንበር ተማሪዎች ቀለበትዎ እያንጸባረቀ የእኩል ምልክቱ አይታየንም ብለው ጻፉለት አለች። ይሄኛውን ወዲያው አጥፍቶ እንደገና ሠራው፤ መምህሯ ስልክ ላይ ብቻ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቀረጻ ሊጀምር ሲል አውልቆ፣ እንዳይፋቅ በሶፍት ጠቅልሎ ኪሱ ይከተዋል።

«አንድ ቀን መልሶ ጣቱ ላይ ሳያደርገው ቀረና ጠፋበት፤ መከራችንን አየን። ጠረጴዛ ሥር ሳይቀር ተንበርክከን ፈለግን። ምን ብዬ እነግራታለሁ እያለ ሲጨነቅ ነው የታመመው። እንኳን ተገኘ።»

የሟች እህት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «እኔ አላልኩም» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ተቀበለች። እጁ አሁንም ይጽፋል። «እዚህ ላይ አቁሙትና ራሳችሁ ሞክሩት» አለ፤ «እጠብቃችኋለሁ።» አቆመችው። ብልጭታው የእኩል ምልክቱ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ቋጠሮው ያጨማደደውን የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለችና የስልኩን መስታወት ትጠርግ ጀመር፤ ቀስ እያለች፣ ነጩ ይለቅ ይመስል።