ባለግመሉን ልመዝነው ሄጄ

ልጄ ግመል ነጂ ላገባ ነው ስትለኝ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ቀና አልኩ። እኔ ደግሞ ሆዴ ውስጥ ነገር አያድርም፤ «ግመሉ ራሱ ሳይሻልሽ ይቀራል!» አልኳት። ነርስ ናት፤ ለክትባት ወደ በረሃው ወርዳ ነው ያገኘችው። ሌላ ልጅ የለኝም። አባቷ ከሞተ ወዲህ ከስፌት ሱቄ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። እሷ ወደዚያ አሸዋ ከሄደች እኔ ከማን ጋር ልጣላ ነው?

ጨርቅ ልገዛ ነው ብዬ ዋሸኋትና ወደ ሰውዬው መንደር አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሰውዬውን እንደ ማንኛዋም ጎብኚ ሆኜ አይቼ፣ አንድ እንከን ፈልጌ፣ ነገሩን ላፈርሰው ነው። ማንም እንዳያውቀኝ ብዬ ጥቁር መነጽር አደረግሁ። በዚያ አገር ማን ሊያውቀኝ! ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ይሏችኋል እንዲህ ነው።

ከመንደሩ ጫፍ፣ ግመሎቹ ከተንበረከኩበት፣ አንድ ረጅም ጠይም ወጣት «እማማ፣ የዘንባባውን ሸለቆ ላሳይዎት?» ብሎ መጣ። ዓይኔ ኮሌታው ላይ አረፈ። ሲያረጅ ተገልብጦ ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ደግሞ ጆሮዋን እየቆነጠጥኩ ለልጄ ያስተማርኳት የራሴ ስፌት ነው። እሱ መሆኑን ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። ተናደድኩ። ለእኔ እኮ የተቀደደ ኪስ ልስፋልሽ ብላኝ አታውቅም!

«ይቺ እንስሳ አትጥለኝም?»

«አትጥልዎትም። ብቻ ስትነሳ ወደ ኋላ ለጠጥ ይበሉ፤ የኋላ እግሯን አስቀድማ ነው የምትነሳው።»

ሰማሁ እንጂ ልብ አላልኩም። ግመሏ ከኋላዋ ብድግ ስትል በግንባሬ አንገቷ ላይ ተደፋሁ። ይስቅብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢስቅ ደስ ባለኝ፤ አንድ እንከን ያዝኩ ማለት ነው። አልሳቀም። የወደቀውን መነጽሬን ከአሸዋው ላይ አንስቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠራርጎ ሰጠኝ።

መጀመሪያ አሸዋ ብቻ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። «ለዚህ ነው ልጄን የምሰጠው?» እያልኩ በልቤ እራገማለሁ። ከዚያ አንድ ጉብታ ወጣንና ግመሏ ቀጥ ብላ ቆመች።

ወይ ፈጣሪ! ከእግራችን ስር ምድሩ አረንጓዴ ሆኗል። ዘንባባ፣ ዘንባባ፣ አሁንም ዘንባባ፤ ዓይን እስኪደክም። ከአፋፉ ሆኜ የማየው አናታቸውን ነው፤ ነፋስ ሲመጣ አንድ ላይ ይተኛሉ፣ አንድ ላይ ይነሳሉ። በዚያ ሁሉ ደረቅ መሃል ማን አጠጣቸው? መነጽሬን አውልቄ ወረወርኩት። እኔ ለሬዲዮ እንኳ መልስ የምሰጥ ሴት፣ እንደ ሕፃን በጣቴ ዘንባባ መቁጠር ጀመርኩ።

ቁልቁል ወርደን ጥላው ውስጥ ስንገባ ቀዝቃዛ አየር ፊቴን ዳበሰኝ። ከላያችን ቅጠሉ ተጋጥሞ ጣሪያ ሆኗል፤ ብርሃኑ በየቀዳዳው እየሾለከ ግመሏ ጀርባ ላይ ይንጠባጠባል። የቴምሩ ዘለላ ትከሻዬ ድረስ ወርዶ ተንጠልጥሏል፤ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ፤ ግን አልደፈርኩም። ወጣቱ ገመዷን ይዞ ከፊት እየሄደ ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ በበትሩ ገለል ያደርግልኛል። «ይሄኛውን አያቴ ተከሉት፤ ያኛውን እኔ ስወለድ አባቴ» ይለኛል፣ ሰው የተኛበት ቤት የገባን ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከዘንባባዎቹ መሃል አንድ ምንጭ ጋ ስንደርስ ግመሏን አንበርክኮ አወረደኝ። ውሃው ከጥራቱ የተነሳ የሌለ ይመስላል፤ ከስሩ ነጩ አሸዋ ይፈላል፤ እየተነሳ ይወድቃል፣ እየወደቀ ይነሳል። ማንም ሳይቀዳው፣ ማንም ሳያዘው ከምድር ሆድ ይወጣል። እንባዬ መጣ። ይሄን ሁሉ ዘመን እኔ ሱቄ ውስጥ መርፌ ላይ ክር ሳስገባ ይህ ውሃ እዚህ እየፈለቀ ነበር ለካ።

«እዚህ መኖር መታደል ነው» አልኩት፣ ከአፌ አምልጦኝ።

«ነው እማማ። እኔ ግን ልሄድ ነው። ግመሏንም ነገ የሚገዛኝ ሰው ይመጣል።»

«ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ከተማ። የማገባት ልጅ እናቷ ብቻቸውን ናቸው። እማዬን ትቼ አልመጣም አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እናት አይጣልም። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማውረድ ተገኝቶልኛል።» የግመሏን አንገት ዳሰስ አደረገ። «እናትየው ትንሽ ቁጡ ናቸው አሉ፤ ግን እለምዳቸዋለሁ።»

ልጄ ይሄን አልነገረችኝም። ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት መቼ አስጨረስኳት!

አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ብመለስ ልጄም ትቀርልኛለች፣ ወንድ ልጅም ይጨመርልኛል። የፈለግሁት በሙሉ እጄ ገባ ማለት ነው። ያን የመጋዘን ሰፈር ግን አውቀዋለሁ፤ መስኮቱ የሚያሳየው የሌላ መጋዘን ግድግዳ ነው። ቀና ብዬ አባቱ የተከሉትን ዘንባባ አየሁት። ሆዴ እምቢ አለኝ።

«ግመሏን አትሽጣት» አልኩት።

«እማማ፣ ለልጅቷ ቃል ገብቻለሁ እኮ።»

«ልጅቷን የወለድኳት እኔ ነኝ። ቁጡዋ።»

ገመዱ ከእጁ ወደቀ። ምስኪን፣ ላቡ በፊቱ ወረደ።

«ልጄን ወደዚህ አምጣት» አልኩት። ቁጣ አድርጌ ልናገረው ፈልጌ ነበር፤ ልመና ሆኖ ወጣ እንጂ።

«እርስዎስ? ብቻዎን?»

«እለምደዋለሁ» አልኩት። ዋሸሁት። እንኳንም ዋሸሁት።