የአደገኛው መርከብ

«እንዳትተነፍሺ!» አለ ጥርስ ሠሪው፣ ዓይኑን ከወረንጦው ጫፍ ሳይነቅል።

«ኧረ በሕግ አምላክ! በገዛ ቤቴ?» አለች ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ። «የጭነት መኪናው ደጅ ቆሟል። ሾፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ ሰፈሩን አደነቆረው፤ አንተ አሁንም መሰላል ትለጥፋለህ።»

«መሰላል አይደለም። የመሰላሉ የመጨረሻ ደረጃ ነው።»

ደረጃዋ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች። አስቀመጣት፤ ትንፋሹ እንዳያበርራት አፉን በእጁ ሸፈነና ወደ ኋላ አፈግፍጎ መርከቡን አየ። የጦር መርከቡ የምግብ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር ይዞ ተንጣሏል። ቤተሰቡ ሳህን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መብላት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። መድፎቹ ይሽከረከራሉ፤ አፋቸውን የበሳው ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚሞርድበት መሰርሰሪያ ነው። የመልህቁ ሰንሰለት ቀለበት በቀለበት በእጅ የተገጣጠመ ነው። የምሰሶው ገመዶች ደግሞ የሰው ጸጉር ናቸው። ሚስቱ ጸጉር ቤት አላት፤ ከወለሉ ከሚጠረገው ጸጉር ጠንካራ ጠንካራውን እየመረጠ ገመድ ይገምድበታል። ዋናውን ገመድ ሳታውቀው የለገሰችው አንዲት የባንክ ገንዘብ ያዥ ናት።

ሰው እብደት ይለዋል፤ እውነትም ትንሽ ሳይነካው አልቀረም። ዛሬ ወደቡ አጠገብ ባለው አዳራሽ የሞዴል መርከቦች ውድድር አለ። ያሸነፈው መርከብ እዚያው በመስታወት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ያንን ይመኛል፣ ምን ይደበቃል። ከዚያ አብልጦ የሚመኘው ግን ከአማቱ አፍ አንዲት ቃል መስማት ነው።

አማቱ፣ የሚስቱ አባት፣ በወጣትነታቸው በዚህ መርከብ ላይ ባሕረኛ ነበሩ። እውነተኛው መርከብ ተቆራርጦ ብረቱ ከተሸጠ ቆይቷል። የድሮ ጓደኞቻቸው «አደገኛው» ነው የሚሏቸው። ለምን ተብለው ሲጠየቁ «ሆድ ይፍጀው» ብለው ያልፋሉ። ሰፈሩም የየራሱን ውጊያ ፈጥሮ ያከብራቸዋል። ልጃቸው ትምህርት ቤት እያለች «አባቴ አደገኛ ነው!» እያለች ስንቱን ጉልበተኛ አባርራለች። ጥርስ ሠሪውማ መጀመሪያ የተዋወቃቸው ዕለት ከበሩ አጠገብ ሳይርቅ ነው ያመሸው።

እኚህ ሰው ታዲያ በየጠዋቱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይመጡና መርከቡን ይዞሩታል። ዞረው ዞረው፣ «ጥሩ ነው፤ ግን የኛ አይደለም» ብለው ይሄዳሉ። ምን ጎደለው ሲባሉ «እኔ እንጃ» ነው መልሳቸው። ጥርስ ሠሪው ቀለሙን ፍቆ እንደገና ቀባ። መስኮቶቹን ከእውነተኛው መርከብ የድሮ ፎቶ ጋር እያመሳከረ ቆጠረ። መልሱ ያው «የኛ አይደለም» ሆነ። በዚህ ምክንያት እንቅልፍ አጥቷል ብል አላጋነንኩም።

ዛሬም መጡ፤ ዞሩ፤ ጎንበስ ብለው ምሰሶውን ተመለከቱ።

«አባባ፣ ዛሬስ?» አለ። «ሊጫን ነው እኮ። የጎደለ ካለ አሁኑኑ ይንገሩኝ፤ እለምንዎታለሁ።»

«ምንም አልጎደለውም። ጥሩ ነው።»

«የናንተ ነው?»

አዛውንቱ የኮታቸውን ቁልፍ መቆለፍ ጀመሩ።

በዚህ መሐል ምልክተኛው ገቡ። እሳቸውም በዚያው መርከብ ላይ ያገለገሉ ናቸው፤ ሥራቸው የተለያየ ቀለም ያለው ባንዲራ እየሰቀሉ ከሌሎች መርከቦች ጋር መነጋገር ነበር። ከመጫኑ በፊት ባንዲራዎቹን እንዲያዩለት የጠራቸው ጥርስ ሠሪው ነው። መነጽራቸውን ጠርገው መርከቡን ከአፍንጫው እስከ ጭራው አዩት።

«አቤት! አቤት! የምቀመጥባት በርጩማ እንኳ አልቀረችም! እጅህ ይባረክ!» ከዚያ ጣታቸው ምሰሶው ላይ ቆመ። «ቀዩስ? አንተ አደገኛው፣ ቀዩን አልነገርከውም እንዴ?»

አማትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቅንድባቸውን አነሱ፤ አወረዱ፤ እንደገና አነሱ። ምልክተኛው ዕድሜያቸውን ሙሉ ምልክት ሲያነቡ ኖረው ይህችን ማንበብ አቃታቸው።

«የምን ቀይ?» አለች ሚስትየዋ ወዲያው።

«ሙታንታው ነዋ!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። አማትየው ወንበር ላይ ዘጭ አሉ።

«ምን ታፈጥብኛለህ? ልጅህ አይደለች?» አሉ ምልክተኛው፣ አንዴ ከጀመሩ አይቆሙም። «ይኸውልሽ፣ የበላይ አዛዡ ለፍተሻ ይመጣሉ ተባለና መርከቡ ላይ ልብስ ማስጣት ተከለከለ። አባትሽ ግን በማለዳ ሙታንታውን አጥቦ የኔ የባንዲራ ገመድ ላይ ሰቀለልሽ! ማን ቀና ብሎ ያያል ብሎ! ደም የመሰለ ቀይ ሙታንታ። በኛ ቋንቋ ቀይ ከተሰቀለ ‹ጥይት እየጫንኩ ነው፤ አደገኛ ነኝ፤ አትጠጉኝ› ማለት ነው። የአዛዡ ጀልባ ይህን ከሩቅ አይታ ጥምዝዝ ብላ ተመለሰች። ፍተሻው ቀረ! እኛ ስንጨፍር እሱ ዝገት እንዲፍቅ ተፈረደበት። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው አደገኛው የተባለው።»

ሚስትየዋ ልትናገር አፏን ከፈተች፣ ግን ሳቅ ቀደማት። ግድግዳ ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አባዬ! ያን ሁሉ ልጅ ያስፈራራሁት በሙታንታህ ነው?»

«ሳቂ፣ ሳቂ» አሉ፤ ጆሯቸው ቀልቷል። «ለዚህ ነው ያልተናገርኩት። ያን ምሰሶ ባየሁ ቁጥር እሱ ነው የሚታየኝ። እሱ ከሌለበት የሌላ ሰው መርከብ ይመስለኛል። ግን ይህ ለማን ይወራል? ሰፈሩ ሁሉ መሳቂያ ሊያደርገኝ ነው?»

ጥርስ ሠሪው አልሳቀም። የልፋቱ ቁልፍ እጁ ገብቷል፣ ምን ያስቀዋል! መሳቢያውን ከፍቶ የሰው ሠራሽ ድድ ልክ የሚያወጣበትን ቀይ ሰም አወጣ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አሉ አማቱ ደንግጠው። «ፎቶው ላይ የሌለ ነገር ነጥብ ያስቀንሳል ብለኸኝ የለ?»

«ያስቀንሳላ። አባባ፣ ወገብዎ ያኔ ምን ያህል ነበር?»

«አብደሃል!»

«ነግሬው ነበር» አለች ሚስቱ እንባዋን እየጠረገች፤ ሾፌሩን ለማባበል ወጣች።

ሰሙን በክብሪት ነበልባል አለሳለሰ፤ በጣቱ ዳምጦ አሳሳው፤ በስለት ጫፍ ሁለት እግር አወጣለት። አማትየው አላስችላቸው ብሎ ወንበራቸውን አስጠጉ።

«ሰፋ! ያኔ ክር ነበርኩ፤ አጥብበው። እንደሱ። ከኋላ ባለው ገመድ ላይ ነው። ነፋሱም ከግራ ነበር፤ ትንሽ አጠፍ አድርገው።»

ሙታንታው ተሰቀለ። አዛውንቱ ብዙ አዩት፤ ፈገግታ መጣባቸውና መልሰው ዋጡት። «ሰው ከጠየቀህ ባንዲራ ነው በል» አሉ። «እሺ? ቃል ግባልኝ።»

«እሺ አባባ። ባንዲራ ነው።»

ምልክተኛውንም አስማሏቸው። «የኛ ነው» የምትለዋን ቃል ግን አሁንም አልተናገሩም፤ መርከቡም ተጫነ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። የሰፈሩ ሰው መጥቷል፤ የጸጉር ቤቱ ደንበኞችም መጥተዋል። የባንኳ ገንዘብ ያዥ ዋናው ገመድ ላይ አፍጥጣ «እንዴት ያለ ጠንካራ ክር ነው!» እያለች ታደንቃለች። ዳኛዋ ነጭ የባሕር ኃይል ልብስ የለበሰች መኮንን ናት። በማጉያ መነጽር መልህቁን አየች፤ መሰላሎቹን አየች፤ «ይህንን የሠራው ሰው ነው?» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ምሰሶው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይህ ቀይ ነገር ፎቶው ላይ የለም» አለች። ወዲያው ግን ፊቷ ፈካ። «ገባኝ! ጥይት ሲጫን የሚሰቀለው ባንዲራ ነዋ! እስካሁን ይህን ያስታወሰ ተወዳዳሪ አላጋጠመኝም። እንደሱ ከሆነ እንኳን ልቀንስ እጨምርልሃለሁ። ባንዲራ ነው አይደል?»

እንዲህ ያለ ዕድል በእግሩ ሄዶ ይመጣል? «አዎ» ቢል አሸነፈ። ውሸቱም የአማቱን ክብር ይጠብቃል፤ ለዚያውም ቃል ገብቷል። ምልክተኛው ከንፈራቸውን ነክሰው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ሚስቱ ፊቷን በቦርሳዋ ሸፍናለች።

«እ… አዎ» አለ ጥርስ ሠሪው። «ባንዲ…»

«ቆይ!» አሉ አማቱ።

በሰው መሐል አልፈው ጠረጴዛው አጠገብ ደረሱ። ልጃቸውን አዩ። ሲያከብራቸው የኖረውን ሰፈር አዩ። ከዚያ መርከቡን አዩና ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ባንዲራ አይደለም የኔ ልጅ» አሉ ዳኛዋን፣ ከኋላ የቆመው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው። «ሙታንታ ነው፤ የገዛ ራሴ ሙታንታ። እኛ መርከብ ላይ የተሰቀለው እሱ ነው። ይህም መርከብ የኛ ነው።»